ቀጠሮን ስለ ማክበርና ወደ አዋሽ የአራዊት ስፍራ ስለ መሄድ

እኔ በፍርድ ቤት በጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ፤ ሥራዬም ቀጠሮ መጻፍ ነው። በቀጠሮው ያልቀረበ ባለጉዳይ ምን እንደሚያገኘው ከብዙ ዘመን ጀምሮ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ለሌላው የምጽፈውን ለራሴ ሳላስብበት ቀርቼ፥ አምና አባቴን ያሰቡትን ሳያዩ ከአዋሽ መለስኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በወጣትነታቸው በምድር ባቡር ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ በሜዳው ላይ የሳላ መንጋ አይተው ነበር። ዛሬ ዓይናቸው ከዕለት ወደ ዕለት እየደከመ ቢሄድ፥ «ልጄ፥ ብርሃኔ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ደግሜ ልያቸው» ብለው ለመኑኝ። አባት ልጁን ሲለምን መስማት ከባድ ነው። እኔም ቤተ ሰቤን በኦቶሞቢል አሳፍሬ ሄድሁ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የተነሣነው ፀሓይ ከወጣች በኋላ ስለ ሆነ፥ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን መንገድ ጨርሰን ከበሩ ስንደርስ ቀትር ሆነ። አውሬው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ከግራር ጥላ ገብቷል፤ ልጆቼ በውሃ ጥም ተጨነቁ፤ ጎማችንንም እሾህ ወጋው። አባቴ ግን አንድ ቃል እንኳ አልተቈጡም፤ ዝምታቸውም ከቍጣ ይልቅ አሳፈረኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ጉዞውን እንደ ችሎት መዝገብ በወረቀት ላይ አዘጋጀሁት። ስፍራው 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በአንድ ቀን ሁሉን ላይ የሚል ሰው ሁሉን ያጣል። ከአውራ ጎዳናው በስተደቡብ ያለውን የኢላላ ሳላን ሜዳ ለጧት፥ የአዋሽን ፏፏቴ ለቀትር መደብሁ፤ በስተሰሜን ያለውን ፍል ውሃና የፈንታሌን ተራራ ለሌላ ጊዜ አቈየሁ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ሰው ከቀዬው ተነሥቶ ስለ ነበረ፥ ከመነሣቴ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ጠየቅሁ። በዋዜማው መተሐራ አደርን። በዚያም ቤንዚን ሞላሁ፤ ሁለት ትርፍ ጎማና ለያንዳንዱ ሰው አራት ሊትር ውሃ ጫንሁ፤ ባለቤቴም ዳቦ ቆሎና ብርቱካን አሰናዳች።

ጧት በሩ እንደ ተከፈተ፥ ከጠባቂዎቹ አንዱ አብሮን ተቀምጦ ገባን። ልጆቹን ከኦቶሞቢሉ መውረድ፥ መጮኽና ለዝንጀሮ ምግብ መወርወር ክልክል መሆኑን አስቀድሜ ነገርኋቸው። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነበረ። የሜዳ ፍየሎች ነጭ ዳሌያቸውን እያሳዩ ሸሹ፤ ከርከሮም ጅራቱን አቁሞ መንገዱን ተሻገረ። ወዲያው ጠባቂው እጁን ቢያነሣ ሞተሩን አጠፋሁ። ሰባት ሳላዎች ሣሩን እየጋጡ አርባ ክንድ ያህል እስኪቀሩ ድረስ መጡ። በዚህ ወገን ወንዱም ሴቷም እንደ ጦር የቀና ረዥም ቀንድ አላቸው። እኔ ግን እነርሱን ትቼ የአባቴን ፊት እመለከት ነበር፤ ማየታቸውን ለመጠየቅም ፈራሁ።

በመጨረሻ አባቴ ቀስ ብለው፥ «ከኋላ የቀረው አንድ ቀንዱ ከመካከሉ ተሰብሯል» አሉ። ሁላችንም የፊተኞቹን ስናይ ያንን አላስተዋልነውም ነበር። ጠባቂው ቀና ብሎ አየና፥ «እውነት ነው፥ አባታችን» አለ። እኔም ያንን ምስክርነት ያለ መስቀለኛ ጥያቄ ተቀበልሁ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ብዙዎቻችን ኦቶሞቢል አለን፤ ወላጆቻችን የለመኑንን ነገር ግን ሥራ እስኪቀል እያልን እናሳድራለን። በአራዊት ስፍራ ውሎ ለመመለስ ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ ሰዓቱን ማወቅና ዋዜማውን ማሰናዳት ያስፈልጋል። አውሬ በመጥሪያ አይቀርብም፤ የሽማግሌም ዓይን ተለዋጭ ቀጠሮ አይሰጥም።