ሃያ ዓመት የባከነ እጅ

ዳግላስ ፕራሸር የኖቤል ሽልማት እንዴት እንዳመለጠው ብዙ ተጽፏል። ወሬው ሁሌም የሚያርፈው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2008 ላይ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስቶክሆልም ላይ የሦስት ሳይንቲስቶች ስም ሲጠራ፣ እሱ በአላባማዋ ሃንትስቪል ከተማ በአንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ ተቀጥሮ፣ መኪናቸውን ለጥገና ያስገቡ ደንበኞችን ቤታቸው የሚያደርስ ሾፌር ነበር። ደመወዙም በሰዓት 10 ዶላር ገደማ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ "ዕድል ነው" ይልና ያልፋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ቀን በፊት ያለው ዘመን ነው። ሽልማት ክብሩም ገንዘቡም ለአንድ ቤት ነው። ከ1992 ጀምሮ የባከነው እውቀት ግን መድኃኒት የሚጠብቅ በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ድርሻ የነበረው ሀብት ነው።

የነገሩ መነሻ አንዲት ጄሊፊሽ ናት፤ ኤኩዎሪያ ቪክቶሪያ ትባላለች። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ፍራይደይ ሃርበር በተባለው ወደብ ዳር በበጋ ትንሳፈፋለች፤ ሲነኳት የጃንጥላዋ ጠርዝ በአረንጓዴ ብርሃን ዙሪያውን ያበራል። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1961 በጋ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ 10,000 የሚጠጉ ጄሊፊሾችን በመረብ እየጨለፈ ሰበሰበ። ብርሃኑ ያለው በጠርዙ ላይ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷን እያነሳ ጠርዟን ቀጭን ቀለበት አድርጎ በመቀስ ይቆርጥና በጨርቅ ይጨምቀዋል። ከዚያ ጭማቂ ሁለት ፕሮቲን አወጣ። አንደኛው ካልሲየም ሲያገኝ ሰማያዊ የሚያበራው ኤኩዎሪን ነው፤ የተፈለገውም እሱ ነበር። ሁለተኛው ሰማያዊውን ተቀብሎ አረንጓዴ አድርጎ የሚመልሰው ነው። እሱ በ1962ቱ ጽሑፍ እግረ መንገድ ተጠቀሰና ታለፈ፤ ከሃያ ዓመት በላይም ከጥቂት ሰዎች በቀር ልብ ያለው አልነበረም።

ልብ ካሉት አንዱ ፕራሸር ነው። የኦሃዮ ልጅ ነው፤ ዶክትሬቱን በ1979 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በባዮኬሚስትሪ ሠራ። ከዚያ ጆርጂያ ሄዶ የኤኩዎሪንን ጂን ከጄሊፊሿ ነጥሎ ካወጡት ሰዎች አንዱ ሆነ። በማሳቹሴትስ የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ሲቀጠር ዓይኑን በአረንጓዴው ላይ ጣለ። ሐሳቡ ዛሬ ለማንም ግልጽ ነው፤ ያኔ ግን ያየው እሱ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፕሮቲን በሴል ውስጥ የት እንዳለ ለማየት በአብዛኛው ሴሉን ገድሎ፣ አድርቆ፣ ቀለም ውስጥ ነክሮ ነበር። የሞተ ሴል ደግሞ ፕሮቲኑ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ አይናገርም። የአረንጓዴውን ጂን ከሚፈለገው ፕሮቲን ጂን ጋር ቢያገናኙት ግን ሴሉ ራሱ፣ በሕይወት እያለ፣ መብራት ይዞ የሚዞር ፕሮቲን ይሠራል። መድኃኒት ጨምሮ የሚሆነውን በዓይን መከታተል ይቻላል።

ይህን ይዞ ገንዘብ ፍለጋ ወጣ። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር 200,000 ዶላር ሰጠው። ትልቁን ገንዘብ የያዘው የብሔራዊ የጤና ተቋማት መሥሪያ ቤት ግን ማመልከቻውን ጣለው። ገምጋሚዎቹ ያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ጂን ከጄሊፊሿ ወጥቶ ሌላ ሴል ውስጥ ሲገባ ስለማብራቱ ምን ማስረጃ አለህ?

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ለአብዛኛው ባለሙያ፣ ፕሮቲኑ የሚያበራውን እምብርት ለመሥራት የጄሊፊሿ ሌሎች ኢንዛይሞች የሚያስፈልጉት ይመስለው ነበር። እንደዚያ ከሆነ ጂኑ ብቻውን ባክቴሪያ ውስጥ ቢገባ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ገንዘቡ የተጠየቀው እኮ ይህንኑ ለማወቅ ነው! ጉድጓድ ልቆፍር ብሎ ብር የጠየቀን ሰው "መጀመሪያ ውሃውን በጣሳ ይዘህ ና" እንደማለት ነው። ይህ አሠራር በዚያ ቀን ብቻ የታየ አይደለም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ግራንት የሚገኘው ግማሹን ሥራ አስቀድመው ሠርተው ውጤቱን በቅድሚያ ላሳዩ ነው። ግማሹን የሚሠራበት ብር የሌለው ሰው በሩ ላይ ይቀራል።

ፕራሸር በሩ ላይ ቀረ። በውቅያኖስ ተቋም ውስጥ ሞለኪውላር ባዮሎጂ የሚሠራ ጓደኛ እምብዛም አልነበረውም፤ ብቻውን ነበር። ያም ሆኖ በካንሰር ማኅበሩ ገንዘብ ጂኑን አወጣው፤ የፕሮቲኑን 238 አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል በ1992 ጂን በተባለው መጽሔት አሳተመ። ብሩ በዚያው አለቀ። የቋሚነት ቅጥሩ ግምገማ እየቀረበ ሲመጣ ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ለመልቀቅ ወሰነ።

በዚያው ዓመት ሁለት ሰዎች ደወሉለት፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርቲን ቻልፊ እና የካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎው ሮጀር ቼን። ከቻልፊ ጋር ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1989፣ በስልክ ተነጋግረው ነበር፤ ጂኑ ሲገኝ አብረን እንሠራለን ተባብለው ነበር። ፕራሸር ጂኑን ሲያገኝ ቢደውል ቻልፊ ለምርምር ፈቃድ ዩታ ሄዷል። ሳይንሱን የተወው መሰለው። ቻልፊም ስልክ ሲጠፋ ጂኑ ሳይገኝ የቀረ መስሎት ተቀመጠ። እንዲህ ያለ መተላለፍ! ሁለቱ የተገናኙት ቻልፊ የታተመውን ጽሑፍ ሲያይ ነው፤ ያኔ ግን ፕራሸር ጓዙን እየሸከፈ ነበር።

ያደረገውን ልብ በሉ። የዓመታት ልፋቱን በትናንሽ ቱቦ ከፍሎ፣ ፖስታ ውስጥ ከቶ፣ ለሁለቱም ላከላቸው። ዋጋ አልጠየቀም። ሥራው በእኔ እጅ ከሚሞት በእነሱ እጅ ይኑር ብሎ ነው። ከዚህ በላይ ለሳይንስ የታመነ ሰው አላውቅም።

ቻልፊ ቱቦውን ለጊያ ዩስኪርሸን ሰጣት፤ ላቦራቶሪውን ገና የለመደች ተማሪ ናት። እሷ ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ጂኑን ብቻ፣ ግራና ቀኙ ላይ የተንጠለጠለውን ትርፍ ዲኤንኤ አስቀርታ፣ አባዛችና ኢ.ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ አስገባችው። ይህች ጥንቃቄ ወሳኝ ነበረች፤ ትርፉን ይዘው ያስገቡ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ምንም ብርሃን አላዩም። የቻልፊ ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ደካማ ስለነበር ቀድሞ ወደተማረችበት የምህንድስና ላቦራቶሪ ሄዳ አየችው። ባክቴሪያዎቹ አረንጓዴ ያበራሉ። ምንም የጄሊፊሽ ኢንዛይም አላስፈለገም፤ ፕሮቲኑ እምብርቱን ራሱ ይሠራል፣ የሚፈልገው ኦክስጅን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የወሰደው አንድ ወር ገደማ ነው። አንዲት ተማሪ፣ ጥቂት ባክቴሪያ፣ የተዋሰችው ማይክሮስኮፕ። ገምጋሚዎቹ "ማስረጃው የታለ?" ያሉት ነገር የአንድ ወር ሥራ ነበር! ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። አንድ ሰው ከሙያው የተፈናቀለው፣ ጂኑን በእጁ ይዞ የወጣው፣ ለዚህች አንድ ወር የሚሆን ዕድል ተነፍጎ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቃል። የእነ ቻልፊ ጽሑፍ በየካቲት 1994 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ፤ የፕራሸር ስምም ከጸሐፊዎቹ መካከል አለ። ቼን ፕሮቲኑን እየነካካ ይበልጥ ብሩህ አደረገው፤ ሰማያዊ፣ ውሃ ሰማያዊና ቢጫ ዓይነቶችም ወጡለት። የመድኃኒት ፍለጋው ቤት ደግሞ ሥራውን ከዚህ ብርሃን ጋር እንደገና ጀመረ። በ1997 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤታ አሬስቲን የተባለውን ፕሮቲን ከአረንጓዴው ጋር ሰፉት። መድኃኒት ሆነ ሆርሞን የሴሉን ተቀባይ ሲነካ፣ በሴሉ ውስጥ ተበትኖ የነበረው አረንጓዴ ተሰብስቦ ወደ ጠርዙ ይሮጣል። ይህን ያየ ሰው ኬሚካሉ እንደሠራ በደቂቃዎች ውስጥ ያውቃል፤ ራዲዮአክቲቭ ነገር መንካት፣ ሴል መፍጨት የለም።

ቼን በ1995 ከሌሎች ጋር ኦሮራ ባዮሳይንስስ የተባለውን ኩባንያ ሳን ዲዬጎ ውስጥ አቋቋመ። እዚያ የነበረውን ፕሌት አስቡት፦ የእጅ መዳፍ በሚያክል ፕላስቲክ ላይ 3,456 ጉድጓዶች። በእያንዳንዷ ጉድጓድ ውስጥ ከጠብታ ያነሰ ፈሳሽ፣ ሕይወት ያላቸው ሴሎችና አንድ የሚሞከር ኬሚካል አለ። ማሽኑ ብርሃን ይሰድና መልሱን ያነባል፤ ቀለሟ የተለወጠች ጉድጓድ ተስፋ ናት። በ2000 የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ፋውንዴሽን 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሰበት። በሽታው የሴልን የጨው መተላለፊያ የሚዘጋ፣ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚደፍን፣ ሕፃናትን የሚቀጥፍ የዘር በሽታ ነው። የሴሉ ሽፋን ኤሌክትሪክ ሲለወጥ ቀለማቸው የሚለወጥ የቼን ላቦራቶሪ ፍሎረሰንት ቀለሞች መተላለፊያው መከፈቱን ይመሰክራሉ። ኦሮራን በ2001 ቨርቴክስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ገዛው፤ 228,000 ያህል ኬሚካሎች ተፈትሸው አይቫካፍተር ተገኘ። በጥር 2012 ተፈቀደ፤ የበሽታውን ምልክት ሳይሆን የተበላሸውን ፕሮቲን ራሱን የሚረዳ የመጀመሪያው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ መድኃኒት ነው። እነዚያ ቀለሞች በኬሚስት እጅ የተሠሩ እንጂ ከጄሊፊሿ ጂን የመጡ አይደሉም፤ ይህን መደባለቅ አልፈልግም። ነገር ግን ሕይወት ያለውን ሴል በብርሃን መጠየቅ የሚለው ሙያ አንድ ነው፤ ፕራሸርም ቦታው እዚያ ነበር።

እሱ ግን የት ነበር? በመጀመሪያ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ተባይ ነፍሳትን በዘረመላቸው ሲለይ፣ ከዚያ ወደ ሜሪላንድ ሲዛወር፣ ከዚያ ሃንትስቪል ሄዶ ለናሳ ኮንትራት በሚሠራ ድርጅት ሲቀጠር፣ እዚያም በ2006 ገደማ በጀት ሲቆረጥ ሥራ ሲያጣ። በመካከሉ ድብርት ያዘው። በእነዚያ ዓመታት ጂኑ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። በእሱ የሚያበራ ሴል በየፕሌቱ ሲመለከት ያደረ ሰው ብዛቱ አይቆጠርም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል "ይህን ያወጣው ሰው አሁን ምን እየሠራ ይሆን? እኛ ጋር ቦታ አለን" ብሎ በጊዜው በሩን ያንኳኳ አለመገኘቱ ያሳፍራል። እንዲህ ያለ ሰው የሚፈልጉ ኩባንያዎች የሉም እንዳይባል፣ ቢሊዮን ይንቀሳቀስበት የነበረው ዘርፍ ይኸው ነው።

"ራሱም ዓይን አፋር ነበር፤ ሰው ማወቅ፣ መደወል፣ መከራከር ነበረበት" የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ትንሽ ቢገፋ፣ በጉባኤ ላይ ቆሞ ቢናገር፣ እርዱኝ ቢል ምናልባት ይሳካለት ነበር። ነገር ግን ጂን ነጥሎ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጠባይና በግብዣ ላይ ሰው ለመተዋወቅ የሚያስፈልገው ጠባይ በአንድ ሰው ላይ የግድ አብረው አይገኙም። ዝምተኛውን ጥሎ ተናጋሪውን ብቻ የሚያሳድግ ቤት ምን እንዳጣ ዓይናችን አይቷል።

ቻልፊ ከሺሞሙራና ከቼን ጋር ሽልማቱን ሲቀበል ፕራሸር በእሱ ቦታ ሊሸለም ይችል እንደነበር በግልጽ ተናግሯል፤ ሕጉ ከሦስት ሰው በላይ አይፈቅድም። እሱና ቼን ወጪውን ችለው ፕራሸርንና ባለቤቱን ስቶክሆልም ወሰዷቸው። ደግ ሥራ ነው፤ አላሳንሰውም። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከሽልማቱ በኋላ ቼን ሥራ ሰጠው፤ በ2012 ሳን ዲዬጎ ገባ። ስልሳ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ላቦራቶሪ በ2015 ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ቼን ሞተ።

ጂኑን በፖስታ ከላከበት ቀን አንስቶ ያን ብርሃን ይዞ ወደሚሠራ ቤት እስከተመለሰበት ቀን ድረስ ሃያ ዓመት ነው። አንድ ተመራማሪ እጁ የሚሠላው፣ ተማሪ የሚያወጣው፣ ስህተቱን የሚያውቀው በእነዚያ ዓመታት ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ በእሱ እጅ ስንት ፕሌት ይነበብ፣ ስንት ተማሪ ይወጣ፣ የትኛው ኬሚካል በየትኛው ጉድጓድ ውስጥ ያበራ እንደነበር ማንም አይመልስልኝም፤ እጠይቃለሁ፣ ያናድደኛልም።