ባናውና ናይለኑ

ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰሞን ጨርቅ የምንመዝነው በዓይናችን ነበር፤ ካብረቀረቀ ጥሩ፣ ከሻከረ የባላገር። እናታችን የሰጠችንን የበግ ጠጉር ባና ጓደኛ እንዳያይብን ከአልጋ ሥር ደበቅነው።

ለእረፍት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንወጣ አዲሱን የናይለን ጃኬት ለብሰን አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። ዳባት ላይ ዝናብ ያዘን። ዝናቡስ አልገባም፤ ብርዱ ግን አጥንታችን ድረስ ዘለቀ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ብርዷ ለሚያብረቀርቅ አያዝንም!

እናታችን ጃኬቱን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ፣ «ይኸስ ለዝናቡ ነው፤ ለብርዱሳ?» አለችን። የምታሾፍብን መስሎን ነበር፤ ለካ የየጨርቁን ሥራ እየለየች ኖሯል። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሳለ ይመቻል፣ ከራሰ ግን ከብዶ ያቀዘቅዛል። ባና ይሻክራል፤ ሆኖም ረጥቦም ሙቀት ይይዛል። የናይለን ጃኬት ውሃና ንፋስ ይመልሳል፤ ብቻውን ግን አያሞቅም። የስሜን እረኛ ደበሎውን ሲደርብ ይህን ማንም አላስተማረውም።

ለካስ ያፈርነው በጨርቁ አልነበረም፤ በፈተለው እጅ ነበር። ዘንድሮ ባናው አልጋችን ላይ ተነጥፏል፤ ጃኬቱም ምስማር ላይ ዝናቡን ይጠብቃል። ሌሊት ሲበርድ «እስቲ ባናውን አካፍሉን» የሚሉን እነዚያው የፈራናቸው ጓደኞቻችን ናቸው።