ፑኖ፣ ቲቲካካ እና የኛ ደንገል

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሩቅ ከተማ ነው። ፔሩ ውስጥ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ፣ ቲቲካካ ሐይቅ ዳር ስላለችው ፑኖ። በእግሬ አልረገጥኳትም፤ እንደ ማንኛውም የጂኦግራፊ አስተማሪ በካርታና በመጽሐፍ ነው የማውቃት። ግን ለኛ ለጣና ዳር ሰዎች የምትለው ነገር ስላላት ትንሽ ታገሱኝ።

ፑኖ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን በረደን የምትሉ፣ ወደ 1,000 ሜትር ጨምሩበት! ስፔኖች የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1668 ነው። አጠገቧ ላይካኮታ የሚባል የብር ማዕድን ነበረ። በብሩ የተነሳ ጠብና ደም መፋሰስ ሲበዛ የስፔን ንጉሥ እንደራሴ ከሊማ መጣ፤ የማዕድን ሰፈሩን አፍርሶ ፑኖን አቋቋመ።

ዋናው አደባባይ ላይ ካቴድራሉ አለ። የፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ የጠራቢው ስም ተቀርጿል፦ ሲሞን ደ አስቶ፣ 1757። ቅዱሳኑን ብቻ ቀርጾ አላበቃም፤ ከወገብ በታች ዓሣ የሆኑ፣ ቻራንጎ የሚባለውን የአንዲስ ትንሽ ጊታር የሚመቱ ሴቶችንም ጨምሮበታል። ሃይማኖቱ ከውጭ ቢመጣም ያገሩ ሰው የራሱን ነገር ድንጋዩ ላይ አስቀርቷል ማለት ነው።

ሐይቁ ላይ ደግሞ ያቫሪ የምትባል የብረት መርከብ አለች። እ.ኤ.አ. በ1862 እንግሊዝ አገር ተሠርታ፣ ተፈታትታ በባሕር መጣች። ከባሕሩ እስከ ሐይቁ ግን ተራራ ነው። ምን ተደረገ? ቁርጥራጮቹ በበቅሎ ተጫኑ! ሐይቁ ላይ የወረደችው ከዓመታት በኋላ፣ በ1870 የፈረንጆች ገና ዕለት ነው። የድንጋይ ከሰል ስላልነበረ በደረቀ የላማ ፋንድያ ነበር የምትንቀሳቀሰው። ኩበት እኮ ነው! እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት ኩበት እዚያ መርከብ ነዳ።

ከከተማዋ ወጣ ሲባል ሲሉስታኒ አለ። የኮያ ሕዝብ ታላላቆቹን የቀበረባቸው ክብ የድንጋይ ማማዎች ናቸው፤ ረጅሙ 12 ሜትር ይደርሳል።

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ድንጋይና ብረት ነው። ወደ ፑኖ የሚሄድ ሰው ግን በመጀመሪያ ማየት የሚፈልገው የኡሮዎቹን ተንሳፋፊ ደሴቶች ነው። ኡሮዎቹ የኛን ፊላ ከሚመስል ቶቶራ ከሚባል ተክል ደሴቱንም፣ ቤቱንም፣ ጀልባውንም ይሠራሉ። ተክሉ ከሥር ስለሚበሰብስ ከላይ ሁልጊዜ አዲስ ይነጠፍበታል። ሰው ሥራውን ካቆመ ደሴት የሚባል ነገር የለም። የድንጋዩ ማማ ሠሪዎቹ ካለፉ በኋላም ቆሟል፤ ይሄኛው ግን ያለ ሠሪው አይከርም።

አሁን ወደ ጣና ልምጣ። ክፍል ውስጥ "ቅርስ ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቅ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ፋሲል ግቢ ይሉኛል። ልክ ናቸው። ታንኳ ያለኝ ተማሪ ግን የለም። አባቱ ታንኳ የሚሠራ አንድ ልጅ አስተምር ነበር። ቅጽ ሲሞላ የአባት ሥራ የሚለው ላይ "የቀን ሠራተኛ" ብሎ ነው የሚጽፈው። ለምን እንደሆነ የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። ታንኳ ሠሪውን ስንንቅ ነው የኖርነው፤ ልጁ ምን ያድርግ?

አንድ ቀን ይህን ነገርኳቸው። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌጂያዊ፣ የጥንት ሰው በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ይችል ነበር ብሎ ተነሳ። ደንገሉ ከጣና ተቆርጦ ሄደ። በ1969 የቻድ ሐይቅ ሰዎች "ራ"ን ሠሩለት፤ ብዙ ተጉዛ ካሪቢያን ልትደርስ ስትል ተበታተነች። በዓመቱ ከቲቲካካ፣ በቦሊቪያ በኩል ካለው ዳርቻ፣ አራት የአይማራ ሰዎችን አስመጣ። እነሱም ከኢትዮጵያ ደንገል "ራ 2"ን ሠሩ። ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች! ዛሬ ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ናት፤ ሰው ከፍሎ ነው የሚያያት።

ልጁ ከደወል በኋላ መጣ። "ቲቸር፣ ሁለተኛዋ ለምን አልተበተነችም?"

"አስተሳሰሯ ነው። ጥቅሎቹን በረጅም ገመድ ዙሪያውን አጥብቀው ጠፈሯቸው" አልኩት።

"እንዴ! አባቴም እኮ ዋናው አስተሳሰሩ ነው ይላል" አለኝ። አባቱን ሲያነሳ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ጣና ላይ ደንገሉ በእርሻና በእምቦጭ እየጠበበ ነው። ታንኳ የሚሠሩት ሰዎችም እያረጁ ነው። ፋሲል ግቢ ሲሰነጠቅ ጠጋኝ ይመጣል። ታንኳን ግን የሚያውቁት እጆች ካለፉ ማን ይጠግነዋል? ፑኖ ያሉት በቶቶራ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። እኛ ያንኑ ሙያ መሳደቢያ አደረግነው።

ቤታችሁ ታንኳ ሠሪ ያለ ተማሪዎቼ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ሲያስሩ በስልካችሁ ቅረጹልኝ። ገመዱ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጠይቋቸው፤ ክፍል ውስጥ አሳይበታለሁ። ቅጽ ስትሞሉም ያለ ምንም እፍረት "ታንኳ ሠሪ" ብላችሁ ጻፉ።

መልካም ሳምንት!