የበዓሉን መጻሕፍት ከየትኛው ልጀምር?

ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። አሁን ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነባለሁ። ደብረ ማርቆስ የሚያስተምረው ልጄ ይህን አይቶ፣ ለመስቀል ሲመጣ አምስት መጻሕፍት ይዞልኝ መጣ። አምስቱም የአንድ ሰው ናቸው። ጸሐፊው በዓሉ ግርማ ይባላል።

ታዲያ የትኛውን ልጀምር? አንባቢዎቼ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ለእኛ አንድ ገጽ አንድ ምሽት ይፈጃል። የማይሆነንን መጽሐፍ ከጀመርን ክረምቱ ያልቃል፣ መጽሐፉ አያልቅም።

«እማዬ፣ ኦሮማይን ጀምሪ» አለኝ ልጄ። ባለ ሱቁም እንደዚሁ አለ። ያላነበበው ሰው እንኳ ስለ ኦሮማይ ያወራል። ምክንያት አለው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ሰው ግን እየተደበቀ፣ እየተዋዋሰ አነበበው። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ባለ ሥልጣን ነበር፤ በዚሁ መጽሐፍ የተነሣ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መቃብሩ እንኳ አይታወቅም።

እኔ ኦሮማይን ለመክፈት ፈራሁ። መጽሐፉ የሚያወራው በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ስለተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ዘምቶ አልተመለሰም። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ደብዳቤ ልኮ ነበር። እናቴ ይዛው ቄሱ ቤት ስትሄድ ተከተልኳት። እሳቸው ሲያነቡ እሷ ከንፈራቸውን ታያለች። ወረቀቱ ዛሬም ሣጥን ውስጥ አለ። ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። «ለከብቶቹ ጨው አትርሱ» ይላል። ያን ቀን ይህን ቃል አልሰማሁም፤ ወይም ረስቼዋለሁ።

ስለዚህ ኦሮማይን ከደብዳቤው አጠገብ አስቀመጥኩና ከአድማስ ባሻገርን አነሣሁ። በ1962 ዓ.ም. የታተመ የመጀመሪያው ልብ ወለዱ ነው። አበራ የሚባል ሰው አዲስ አበባ ቢሮ ይሠራል፤ ልቡ ግን ሥዕል መሣል ይመኛል። ታላቅ ወንድሙ አግባ፣ ውለድ እያለ ይጨቀጭቀዋል። ይኼማ የእኛ መንደር ወሬ ነው! መጽሐፉ ላይ የሰዎች ንግግር ብዙ ነው። ንግግር ደግሞ ለአዲስ አንባቢ ይቀላል፤ ቃሉን ከጆሮ እናውቀዋለንና። አበራ ልቡ አንድ ቦታ አልረጋ ሲል ብቻዬን ተቆጣሁት። ልጆቼ ሳቁብኝ። ለገና ጨረስኩት። በዕድሜዬ ጨርሼ የዘጋሁት የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው።

ቀጥሎ ደራሲው የሚለውን አነበብኩ። በዓሉ ይህን የጻፈው ጓደኛውን ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን መነሻ አድርጎ ነው ይላሉ። ስለ መጻፍ ጭንቀት ነው። እኔ ስሜን ለመጻፍ ስንት ቀን እንደተጨነቅሁ ስለማውቅ አዘንኩለት። ሀዲስንም ወደድኩት። የቀይ ኮከብ ጥሪን ግን መሐል ላይ ተውኩት። ስሙ አስደንግጦኝ ነበር፤ ከዘመቻው በፊት፣ በ1972 ዓ.ም. የታተመ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። የተውኩትስ ከብዶኝ ነው። ልጄ «እንዴት መሐል ላይ ይተዋል?» ብሎ ተከራከረኝ። የማይጥም ወጥ ሁሉ ተጠርጎ ይበላል እንዴ?

ኦሮማይ ብቻ ቀረ። በዚህ ዓመት ጥር ላይ ከሣጥን አወጣሁት። ጸጋዬ የሚባል ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታ የምትባል ሴት ያፈቅራል። ከተማው ደምቋል፤ ሰው ይጨፍራል፣ ይጠጣል። እኔ ግን ገጽ በገለጥኩ ቁጥር የምፈልገው ወንድሜን ነው። የመጽሐፍ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ስለ ወታደሮች ሲያወራ ጣቴ ይዘገያል።

አንድ ማታ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «ልጄ፣ ምንድን ነው የምታነቢው?» አለችኝ። አሁን ዓይኗ ደክሟል። መዋሸት አልቻልኩም። ስለዚያ ዘመቻ የተጻፈ ነው አልኳት። ዝም አለች። እሳቱን ቆሰቆሰች።

«ናቅፋ የሚል አለበት?»

«አለበት። ገና አልደረስኩም።»

«ስትደርሺ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለችኝ።

ትናንት ማታ ደረስኩ። ዛሬ የቡናው ዕቃ ሲነሣ አጠገቧ እቀመጣለሁ።