መሳብና መሸከም

በአሜሪካ የፒክአፕ መኪና ማስታወቂያ ውስጥ ከዋጋው ቀጥሎ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር መኪናው ሊስበው የሚችለው ክብደት ነው። 11,000 ፓውንድ ይላል፤ አምስት ሺህ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ በሥርዓት ተፈትኖ የተገኘ ነው። ሆኖም ቤተሰቡን ይዞ፣ ከኋላው አልጋና ማእድ ቤት ያለው ተሳቢ አያይዞ ለመጓዝ ለሚያስብ ሰው፣ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ነገር የለም። የሚወስነው ሌላ ነው፤ እሱም በማስታወቂያው ላይ ሳይሆን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ፣ በትንሽ ቢጫና ነጭ ተለጣፊ ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። የተሳፋሪዎችና የጭነት ድምር ክብደት ከዚህ መብለጥ የለበትም ይልና አንድ አኃዝ ያስቀምጣል። ወንድም ጋሼ መኪና ላይ ያለው አኃዝ 1,620 ፓውንድ ነው፤ 735 ኪሎ ገደማ።

ወንድም ጋሼ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ይኖራል። የቤት እድሳት ሥራ ስለሚሠራ፣ በተለምዶ ግማሽ ቶን የሚባለው ዓይነት ፒክአፕ አለው። እናታችን ሐምሌንና ነሐሴን ከአዲስ አበባ መጥታ ከእሱ ዘንድ ታሳልፋለች። ዘንድሮ እሷን፣ ባለቤቱንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ተራሮቹን ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ለመሄድ አሰበና የመኖሪያ ተሳቢ ሊገዛ ተነሣ። ሻጩ፣ መኪናው ተሳቢውን ያለ ምንም ችግር እንደሚስበው ነግሮታል። ብድሩም ዝግጁ ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነት ተሳቢ እስከ 15 እና 20 ዓመት የሚዘልቅ ብድር መስጠት የተለመደ ስለሆነ ወርኃዊ ክፍያው ቀላል መስሎ ይታያል። ከመፈረሙ በፊት ወረቀቶቹን ላከልኝና «አንቺ የቁጥር ሰው ነሽ፤ እስቲ እይልኝ» አለኝ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ቋንቋችን ራሱ ብዙ አይረዳንም። ተሳቢ የሚለው ቃል የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚናገረው። በአዲስ አበባና በጅቡቲ መንገድ የምናውቀው፣ ከከባድ መኪና ኋላ የሚከተለው ተሳቢ ከፊትም ከኋላም የራሱ እግር አለው። ክብደቱን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ከፊተኛው መኪና የሚፈልገው መጎተትን ብቻ ነው። የአሜሪካው የመኖሪያ ተሳቢ ግን ጎማዎቹ ከወገቡ አካባቢ ስለሆኑ አፍንጫው መኪናው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ይሳባል፤ በከፊልም ይታዘላል። በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ድርሻ ከተጫነው ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። ይህን ድርሻ ዕቃ ወደ ኋላ በመግፋት ላሳንሰው ማለት አደገኛ ነው፤ ጅራቱ የከበደ ተሳቢ በፍጥነት ሲሄድ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜውም እየሰፋ መኪናውን ከመሥመር ሊያወጣው ይችላል። ድርሻው ከልክ በላይ ሲሆን ደግሞ የመኪናው ኋላ ይጎብጣል፤ ፊቱ ይቀልላል፤ መሪውና የፊት ፍሬኑ መሬት የመቆንጠጥ ኃይላቸው ይቀንሳል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የተሳቢው መግለጫ ባዶ ክብደቱ 6,200 ፓውንድ መሆኑን ይናገራል። ባዶ ማለት ያለ ውኃ፣ ያለ ምግብ፣ ያለ ልብስ፣ ያለ ድስት ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ የሚጓዝ ቤተሰብ የለም። 40 ጋሎን ውኃ ብቻውን ከ330 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። የተፈቀደለት ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት 7,600 ነው፤ በተግባር 7,400 ይሆናል ብዬ ያዝሁ። የዚህ 13 በመቶ 962 ፓውንድ ነው፤ ይህ መኪናው ላይ ያርፋል። አምስቱ ሰዎች አንድ ላይ 645 ናቸው። ማያያዣው ራሱ 90 ይመዝናል። ከኋላ በጭነት ክፍሉ ውስጥ ለሚሄደው ጄኔሬተር፣ ማገዶና የበረዶ ሣጥን 180 ያዝሁ። ድምሩ 1,877 ሆነ። ከተለጣፊው ወሰን በ257 ፓውንድ፣ በ117 ኪሎ ያህል ይበልጣል። በዚያው ቅጽበት፣ ከታወጀው የመሳብ አቅም ሲሶው ገና አልተነካም።

ሁላችንም ይህን ዓይነት ሒሳብ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እናውቀዋለን። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንዱን 30 አድርጎ ሌላውን 16 ማድረግ በድምሩ 46 ነው ብሎ መከራከር የትም አያደርስም። ገደቦቹ የሚለኩት በየራሳቸው ነው፤ በአንዱ የተረፈው ለሌላው አይሸጋገርም። የፒክአፕም ነገር እንዲሁ ነው። የመሳብ አቅም፣ የመሸከም አቅም፣ የኋላ አክስል ወሰን፣ የመንጠቆው ወሰን፣ የጎማው ወሰን፣ የመኪናውና የተሳቢው የጋራ ክብደት ወሰን ሁሉም ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው፤ ጉዞውን የሚያስቆመው ግን መጀመሪያ የሞላው ነው።

ሪካርዶ ሃውስማን፣ ዳኒ ሮድሪክና አንድሬስ ቬላስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ዕድገት ምርመራ ባቀረቡት ሥራ ያሳሰቡት ከዚህ አይርቅም፤ ዋናው ማነቆ ሳይነካ ሌላውን ሁሉ ማሻሻል ብዙ አያራምድም። እዚህ ያለው ማነቆ የመሸከም አቅም ነው። ኢኮኖሚስቶች የጥላ ዋጋ የምንለውን ብናሰላ፣ ከመኪናው ላይ የሚነሣ እያንዳንዱ ፓውንድ 7.7 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ ይገዛል፤ አንድን ለ0.13 ማካፈል ነው። የመሳብ አቅሙን ከ11,000 ወደ 13,000 የሚያሳድግ ተጨማሪ ጥቅል ግን በዚህ ቤተሰብ ሒሳብ ውስጥ ዋጋው ዜሮ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ፣ መኪናው በተቀናጣ ቁጥር የመሸከም አቅሙ የሚያንስ መሆኑ ነው። የቆዳ ወንበር፣ የመስታወት ጣሪያና በሞተር የሚንቀሳቀስ መርገጫ ሁሉ ክብደት ናቸው፤ የሚቀነሱትም ከዚሁ ከተለጣፊው አኃዝ ነው። ብዙ የከፈለ ሰው ትንሽ ይሸከማል።

ታዲያ ገበያው ለምን ትልቁን ቁጥር ያጮኻል? የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤስኤኢ፣ ጄ2807 የተባለውን የመሳብ አቅም መለኪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ለክቶ የራሱን ቁጥር ያውጅ ነበር። መለኪያው ጥብቅ ነው፤ ከፈተናዎቹ አንዱ በአሪዞና በረሃ የሚገኘውን የዴቪስ ግድብ ረጅም ዳገት፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ በተወሰነ ፍጥነት መውጣት ነው። ቶዮታ ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ተቀበለው፤ የፒክአፑም የመሳብ ቁጥር ዝቅ አለ። ጄነራል ሞተርስ ለ2013 ሞዴሎቹ ሊቀበል ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ፎርድ አዲሱ ኤፍ-150 እስኪወጣ እቆያለሁ በማለቱ ወደ ቀድሞው ስሌት ተመለሰ። የእስረኞች አጣብቂኝ እንዲህ ጥርት ብሎ በአደባባይ ሲታይ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ እውነቱን ቀድሞ የተናገረ ደካማ መስሎ ይታያል። በ2015 ሞዴሎች ዘመን ትልልቆቹ አምራቾች ለግማሽ ቶን መኪኖቻቸው መለኪያውን ተቀበሉ።

መለኪያው በአምራቾች መካከል የነበረውን ችግር ፈታ፤ ለቤተሰቡ ግን ብዙም አልጠቀመ። ፈተናው በመኪናው ውስጥ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች እንዳሉ ያስባል፤ በመንጠቆው ላይ የሚያርፈውንም በ10 በመቶ ይይዛል። ልጅ የለም፤ አያት የለችም፤ ማገዶ የለም። አሁን ሁሉም ቁጥር እርስ በርሱ ይነጻጸራል፤ ነገር ግን የሚነጻጸረው ማንም የማይጓዘው ጉዞ ነው። የበሩ ተለጣፊ ደግሞ ከሌላ ምንጭ የመጣ ነው፤ በፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ቁጥር 110 የሚጠየቅ ግዴታ ነው። አንዱ በፈቃደኝነት ሆኖ በማስታወቂያ ይነገራል፤ ሌላው በሕግ ተገዶ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ዝም ይላል።

ማንም አልዋሸም። የመኪናው አምራች ስለ መሳብ የተናገረው እውነት ነው፤ የተሳቢው አምራች ስለ ባዶ ክብደት የተናገረው እውነት ነው፤ አበዳሪውም ስለ ወርኃዊ ክፍያው የተናገረው እውነት ነው። ድምሩ ግን የማንም ኃላፊነት አይደለም። የመረጃ እጥረት ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ መረጃው ሁሉ በግልጽ ተጽፏል፤ ለየብቻው፣ በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ባለቤት። በእኔ አመለካከት ሊታሰብበት የሚገባው ቀላል ደንብ፣ ተሳቢ የሚሸጥ ሰው የገዢውን ተለጣፊ አኃዝ ተቀብሎ ድምሩን በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ እንዲያስፈርም ማድረግ ነው። ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

አውሮፓ ያላችሁ አንባብያን ይህን ስታነቡ ትንሽ ሳትደነቁ አልቀራችሁም። እዚያ ገደቡ ከመንጃ ፈቃዱ ይጀምራል። በቢ ፈቃድ፣ ከ750 ኪሎ የከበደ ተሳቢ የሚጎትት ሰው መኪናውና ተሳቢው በአንድነት ከ3,500 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም፤ ቢ96 የተባለው ተጨማሪ ሥልጠና ይህን ወደ 4,250 ያሰፋዋል። በጀርመን ተሳቢ የያዘ መኪና በአውቶባን ላይ እንኳ በመደበኛው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። አውሮፓውያን በመንጠቆ ላይ የሚያሳርፉት ክብደት ከአሜሪካው በእጅጉ ያነሰ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ በዝግታ የሚሄድ ተሳቢ ለመወዛወዝ ያለው ዝንባሌ ያነሰ ነው። ወንድም ጋሼ ግን ሰባት ሺህ ፓውንድ ከኋላው አስከትሎ አውራ ጎዳና ላይ ለመውጣት ካለው ተራ መንጃ ፈቃድ ሌላ የሚጠይቀው አልነበረም።

የመንገዱ ነገርም አለ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው አይ-70 በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ኃይሉን ስለሚያጣ፣ እዚያ ሲደርስ ሲሶው የለም። የወንድም ጋሼ ሞተር ቱርቦ ስላለው ዳገቱ ብዙ አላሳሰበኝም፤ ያሳሰበኝ ቁልቁለቱ ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ድልድዩ የወረደ ሰው የጋለ ፍሬን ሽታ ያውቃል። እዚህም ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ፍሬን ለከዳቸው ከባድ መኪኖች በመንገዱ ዳር መሸሻ ተሠርቷል። ተሳቢው የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው፤ ከሾፌሩ ወንበር የሚቆጣጠረው መሣሪያ በትክክል ካልተስተካከለ ግን ማቆሙን በሙሉ የሚሸከመው መኪናው ነው።

ውጤቱን በስልክ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያም «ክብደት የሚያከፋፍለው ማያያዣ አለ አይደል?» አለኝ። አለ፤ ጠቃሚም ነው። ከኋላ አክስል ላይ የተወሰነውን ወደ ፊት አክስል፣ ጥቂቱንም ወደ ተሳቢው ጎማዎች ይመልሳል፤ የጎበጠውን መኪና ያቀናል። የተለጣፊውን አኃዝ ግን አያሳድግም፤ 257 ፓውንድ የሚያስወግድበት መንገድም የለውም።

ሒሳቡ በራሱ የሚጠቁመው ሌላ መፍትሔ ነበር። ባለቤቱ፣ እማዬና ልጆቹ በሁለተኛ መኪና ቢከተሉ 450 ፓውንድ ከፒክአፑ ላይ ይነሣል፤ በ7.7 ሲባዛ የመረጠውን ተሳቢ ከማስቻልም ያልፋል። ይህን ስነግረው ሳቀ። «እማዬን ከመኪናው አውርጄ ለሶፋው ቦታ ላድርግ?» ትክክል ነበር። እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ልጆቹ በአማርኛ እየጠየቋት የሚሄዱት ሰባት ሰዓት የጉዞው ምክንያት ነው፤ ተሳቢው የመጣው ለዚያ ነው። ሰዎቹ በገደቡ በኩል እንደ ክብደት፣ በዓላማው በኩል ደግሞ እንደ ግብ ሲገቡ፣ ክብደታቸውን ብቻ እያየ የሚቀንስ ሞዴል የተሳሳተ ጥያቄ እየመለሰ ነው።

ስለዚህ ከሌላው ጫፍ ጀመርን። 1,620 ላይ 645 ሰው፣ 90 ማያያዣና 180 ዕቃ ሲቀነስ 705 ይተርፋል። ለ0.13 ሲካፈል 5,400 ፓውንድ ገደማ ይሆናል፤ ከማስታወቂያው ቁጥር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጄኔሬተሩንና አብዛኛውን ማገዶ ቤት አስቀርተን፣ ባዶውን 4,300 የሚመዝን፣ ለልጆቹ ተደራራቢ አልጋ ያለው ተሳቢ ተገኘ። ሶፋ የለውም። ሻጩ ቅር ብሎታል፤ ወንድም ጋሼም ለሁለት ቀን ያህል ቅር ብሎት ነበር።

በከባድ መኪኖች ማረፊያ ያለው ሚዛን የፊት አክስልን፣ የኋላ አክስልንና የተሳቢውን ለየብቻ ይመዝናል፤ ክፍያውም ከአንድ ምሳ ያነሰ ነው። በጉዞው ጠዋት፣ ሁሉም ተሳፍረው የወጣውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። የፊት አክስል 3,080፤ የኋላ 3,820፤ የተሳቢው አክስሎች 4,520። መኪናው 6,900 ላይ ነው፤ የተፈቀደለት 7,050። የተረፈው 150 ፓውንድ ነው። ወዲያው ደወለ፤ ከጀርባው የእማዬ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቤት ተመልሰው የኤሌክትሪክ ምጣዱን ማምጣት ይቻል እንደሆነ እንድጠየቅ ትፈልጋለች። ይቻላል አልኩት፤ ከፒክአፑ ኋላ ሳይሆን ከተሳቢው ውስጥ፣ ልክ ከጎማዎቹ በላይ ካለው ቁም ሣጥን ሥር ይቀመጥ።