ዓሣ ነባሪ ለማየት ወጥቼ

ጎሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ባሕር ምን ያውቃል ብትሉ እውነታችሁን ነው። እኛ የምናውቀው ዝናብና ጭቃ፣ ጫካና ቡና ነው። አያቴ ቡና በበቅሎ ጭኖ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣውን የእንፋሎት መርከብ ማየቱን እስኪሞት ድረስ አወራልን። በቤታችን ከዚያ የሚበልጥ የውሃ ወሬ የዮናስ ታሪክ ብቻ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ፣ እዚህ ቦስተን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ዓሣ ነባሪ ለማየት በጀልባ ሲወጡ አስተባባሪ ተብዬ አብሬ ሄድኩ። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተኮራረፍን ሦስት ዓመት ሆኖናል። አባታችን ትቶልን ባለፈው የቡና መሬት ነው የተጣላነው፤ የመጨረሻውን ክፉ ቃል የተናገርኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የጸሎት ፕሮግራም መርቻለሁ፣ ስለ ይቅርታም አስተምሬያለሁ። ለማስተማር አልከበደኝም።

ስቴልዋገን ባንክ የሚባለው ስፍራ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። አብዛኛው የጀልባውን ብረት ይዤ ሳስመልስ አለፈ። አንዱ ልጅ፣ “ጋሼ፣ ዮናስም ወደ ባሕሩ ጣሉኝ ያላቸው እንዲህ ሆኖ ይሆን?” ብሎ አሳቀብኝ።

መጀመሪያ ያየነው ትንፋሹን ነው፤ እንደ ጭስ ወደ ላይ ወጣ። ሽታው የበሰበሰ ዓሣ ነው (ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም)። ከዚያ ጥቁር ጀርባ ተገለጠ፣ ሦስት ሚኒባስ ተከታትሎ የቆመ ያህል። ከጎኗ ግልገል ነበረ። አስጎብኚዋ እንዳስረዳችን፣ ሃምፕባክ የሚባሉት እነዚህ ዓሣ ነባሪዎች ክረምት ወደ ካሪቢያን ወርደው ይወልዳሉ፤ ሙቀት ሲመጣ እናቲቱ ልጇን ይዛ ለምግብ ወደዚህ ትመለሳለች። ስትጠልቅ ጅራቷ ይነሣል፤ ከጅራቷ ሥር ያለው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ከሌላ ጋር ስለማይመሳሰል በእሱ ለይተው ስም ያወጡላታል። በየዓመቱ መምጣቷን ጠብቀው በመዝገብ ይጽፋሉ።

መምጣቷን የሚጠብቅ ሰው አላት! ያቺን ቃል ይዤ ተቀመጥኩ።

ዮናስን ሳስተምር ከዓሣው ሆድ አውጥቼ፣ ነነዌ አድርሼ አቆማለሁ። አራተኛውን ምዕራፍ እዘለዋለሁ። እዚያ ነቢዩ ጸልዮ፣ ታዝዞ፣ ሰብኮ ሲያበቃ ተቆጥቶ ከከተማው ውጭ ተቀምጧል። የማላስተምረው እኔን ስለሚመስለኝ ነው።

ወደብ እንደ ደረስን ደወልኩ። ጎሬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ሦስተኛው ላይ አነሣው።

“አቤት።”

“ወንድም ጋሼ…” ብዬ ሌላ ቃል ጠፋኝ።

ብዙ ዝም አለ። “እዚህ ዝናቡ አላባራም” አለኝ በመጨረሻ። “ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማሃል?”

ይሰማኝ ነበር። ስለ መሬቱ ያን ቀን አላነሣንም፤ ገና ብዙ ይቀረናል። ጸልዩልን።