የሰማነው ፓስወርድ

ሰሞኑን ልደታ አካባቢ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሃያ የምንሆን ባለጉዳዮች አግዳሚ ላይ ተደርድረን ያችን የታወቀች ቃል እንሰማለን፤ «ሲስተም የለም!» አምስት ሰዓት ላይ ሲስተሙ መጣ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ልጅ የለችም። ባልደረባዋ ደወለችላትና «ፓስወርድሽን ንገሪኝማ!» አለቻት። ስሟና የተወለደችበት ዓመት ኖሯል። ባልደረባዋ እንዳትሳሳት ጮክ ብላ ደገመችው። ሃያችንም ሰማን። «ጋሼ፣ ይምጡ» ስባል ተመስገን ብዬ ተነሣሁ።

ማታ ነው ሰኔ 2012 ትዝ ያለኝ። የዓባይ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ከግብፅ የተነሡ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ዘመቱ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጥቃቱን ማክሸፉን ሲገልጽ ስማቸውንም ዘረዘረ፤ ሳይበር ሆረስ፣ አኑቢስ ሃከር፣ ሴኪዩሪቲ ባይፓስድ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ስሞቹ ላይ ቆምኩ። ሆረስ ባለ ጭልፊት ራሱ፣ አኑቢስ ባለ ቀበሮ ራሱ የሙታን ጠባቂ። የጥንት አማልክታቸውን ከመቃብር ቀስቅሰው በኮምፒውተር ላኩብን እኮ! የለጠፉት ሥዕልም ማጭድ የጨበጠ የፈርዖን አፅም ነበር።

ተቆጣን። እኔም ፈርዖንን ስረግም አመሸሁ። በሩን ማን ክፍት ተወው ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ድረ ገጽ ላይ መለጠፍ አጥር ላይ እንደ መጻፍ ነው፤ ይፋቃል። የዩክሬኑ ይብሳል። በፈረንጆቹ 2015 መጨረሻ፣ ከጎረቤቴ ከሩሲያ መጣብኝ ባለችው ጥቃት፣ ከ200 ሺህ በላይ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ዋጣቸው። ነገሩ የተጀመረው ሠራተኞች በኢሜይል የመጣ ፋይል ከፍተው፣ በኋላም ፓስወርዳቸው ተሰርቆ ነው። መብራቱን በሰዓታት ውስጥ የመለሱትም ሠራተኞች ናቸው፤ በየጣቢያው ሄደው በእጃቸው። የእኛ ባለ አግዳሚ መሥሪያ ቤት ግን ሲስተም ሲጠፋ የሚገለጥ መዝገብ እንኳ አላየሁበትም።

ግድቡ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ጠቡ ግን አልተመረቀም።

ማክሰኞ ለቀረችኝ ፊርማ ተመለስኩ። ባለ ፓስወርዷ ልጅ ራሷ ተቀምጣለች። «ልጄ፣ ቀየርሽው?» ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ከኋላዬ ወረፋው ረጅም ነው፤ ፊርማዬም በእሷ እጅ ናት።

«ሲስተም አለ?» አልኳት።